ወደ ኤስኪሼሂር ለመለሱን ሾፌር የቀረበ ምስጋናና ለወገኖቼ የሚሆን ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ባለፈው ነሐሴ እኔና የቀድሞ የትምህርት ጓደኞቼ ከነቤተሰቦቻችን ወደ ቱርኳ ኤስኪሼሂር ከተማ ባደረግነው የመገናኛ ጉዞ ያገለገሉንን አንድ የሚኒባስ ሾፌር በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም በቱርክ ተምረው ወይም ኖረው ወደዚያው ለመመለስ ለሚያስቡ ወገኖች ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ፣ በጉዟችን ሁሉ እንጠራቸው እንደነበረው «አቢ»፣ በቱርክኛ ታላቅ ወንድም፣ እያልኩ እጽፋለሁ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የሚገኙ፣ በዚያችው ከተማ ተወልደው ያደጉና የራሳቸውን መኪና የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው።

ከእኛ መካከል አብዛኞቹ ወደ ቱርክ የሄድነው የቱርክ መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ነበር። ዕድሉ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» በሚል ስም የሚሰጥ ሲሆን፣ የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ ወርሃዊ የኪስ ገንዘቡን፣ ከዋናው ትምህርት በፊት ያለውን የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትም ይሸፍናል። በዚህ ዕድል ኤስኪሼሂር የደረስን ልጆች በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው እዚያ ነው፤ ቤት መከራየትን፣ ደመወዝ ሳይኖር ወር መጨረስን፣ በሰው አገር ታሞ መዳንን የተማርነው እዚያ ነው። ከተመረቅን በኋላ አንዳንዶቻችን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን፣ ሌሎቹ ወደ ጀርመን፣ ወደ አሜሪካና ወደ ዱባይ ተበተኑ። ከምረቃው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ጓደኛሞች በመካከላችን ነበሩ። ይህን ሁሉ የምናገረው አቢ የሠሩልን ሥራ ምን እንደነበር ለማስረዳት ነው፤ ሥራው ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ከማመላለስ በጣም የሰፋ ነበርና።

ለአንዲት ከተማ እንግዳ የሆነ ጎብኚ የሚያየውን ነገር ከየትኛውም ዝርዝር ላይ ያገኘዋል። ኖሮባት የተመለሰ ሰው ግን የሚፈልገውን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው፤ የሚፈልገውም ነገር ብዙ ጊዜ በነበረበት ቦታ አይገኝም። ይህን ልዩነት ሳንነግራቸው የተረዱልን አቢ ናቸው። አሁንም እዚያ የሚማር አንድ ወንድማችን አገናኝቶን በዋትስአፕ ስንነጋገር፣ እንደ ሌሎቹ የጠየቅናቸው ሰዎች የጉብኝት ቦታዎችን ዝርዝርና ዋጋ አልላኩልንም። በዝግታ፣ ዝጎ የቆየው ቱርክኛችን ሊከተለው በሚችል አነጋገር፣ በድምፅ መልእክት ጥያቄ ብቻ ላኩልን። በየትኛው ሰፈር ነበር የኖራችሁት? ትራሙን ከየትኛው ፌርማታ ትይዙ ነበር? ዳቦና አትክልት ከማን ትገዙ ነበር? ልታገኙት የምትፈልጉት ሰው አለ? ከእናንተ ጋር የሚመጡ አረጋውያንና ሕፃናት አሉ? የሚጾም፣ የሚሰግድ፣ መድኃኒት የሚወስድ አለ? መልሳችንን ከሰጠን በኋላ ጥቂት ቆይተው በየቦታዎቹ ራሳቸው ዞረው ኖሮ፣ የቱ እንዳለ፣ የቱ እንደተዘጋ፣ የቱ ቦታ እንደቀየረ አንድ በአንድ ጽፈው ላኩልን። ይህን ሲያደርጉ ከእኛ ገና አንድ ሊራ አልተቀበሉም ነበር።

ስለ ውሉ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ብዙ ወገን የሚቸገረው በዚህ ስለሆነ ነው። በቱርክ ያለ መደበኛ የጉዞ ሰሌዳ ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ መኪና «ዴ ሁለት» የሚባል የፈቃድ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፤ ሾፌሩም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠበቅበታል፤ ለተሳፋሪዎቹም የመቀመጫ አደጋ መድን መገባት አለበት። አቢ የእነዚህን ሁሉ ፎቶ ሳንጠይቃቸው ላኩልን፤ ስማችንን የያዘውን የተሳፋሪዎች ዝርዝርም በቅድሚያ አዘጋጁ። ውሉ ላይ ነዳጁ፣ የአውራ ጎዳናውና የድልድዩ ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የእሳቸው ምግብና ማደሪያ በማን እንደሚሸፈን እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፏል። የሊራ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የከፈልነውን መጠን እዚህ ብጠቅስ አንባቢን ከማሳሳት በቀር አይጠቅምም፤ ነገር ግን በመጨረሻ የከፈልነው በመጀመሪያ ከተስማማንበት በአንዲት ሊራ እንኳ አለመብለጡን መመስከር እችላለሁ። የእረፍት ሰዓታቸውንም በጥብቅ ይጠብቃሉ። የቱርክ ሕግ ለንግድ ሾፌር ያለ እረፍት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ፣ በአንድ ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ማሽከርከርን ይከለክላል፤ አንድ ምሽት ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ ሌላ ከተማ ደርሰን እንመለስ ብለን ስንጠይቃቸው፣ በትሕትና ግን ያለ ማመንታት «ልጆች አሉ፣ አይሆንም» አሉን። እኔ በዚያን ጊዜ ይበልጥ አመንኳቸው።

ሐቀኝነታቸውን የተረዳሁበት ሌላው ነገር ይህ ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ ቀድመው ኢስታንቡል ገብተው ስለነበር እነሱንም በመኪናቸው እንዲያመጡልን ጠይቀናቸው ነበር። እሳቸው ግን ሻንጣ ያልበዛባቸው በፈጣኑ ባቡር ቢመጡ እንደሚረከስላቸውና እንደሚፈጥንላቸው ነገሩን። ፈጣኑ ባቡር ኤስኪሼሂርን ከአንካራ ጋር ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ2009፣ እስከ ኢስታንቡል የተዘረጋው ደግሞ በ2014 ነው፤ ወንበሩ በበጋ ቶሎ ስለሚያልቅ ትኬቱን መቼ መቁረጥ እንደሚሻልም አስታወሱን። በዚህ ምክር ያጡት የራሳቸውን ገቢ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን የያዝነውን ግን ከኢስታንቡል አየር ማረፊያ ተቀብለው፣ በሰሜን በኩል በያቩዝ ሱልጣን ሰሊም ድልድይ አሻግረው፣ በሳካሪያና በቢሌጂክ በኩል ይዘውን ሄዱ። የአንዱ ጓደኛችን እናት እግራቸውን ስለሚያማቸው በየተወሰነ ርቀት እየቆሙ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጉ ነበር፤ እሳቸውም አማርኛ በማያውቁት በአቢና ቱርክኛ በማያውቁት በራሳቸው መካከል እንዴት እንደተግባቡ እስካሁን ያስገርመኛል፤ ቦዙዩክ ስንደርስ እማማ የሚያወሩት ከእኛ ይልቅ ከሾፌሩ ጋር ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲው መሄድ የሁላችንም ምኞት ነበር። አናዶሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1982 በዚህ ስም የተቋቋመ፣ በርቀት ትምህርት ፋኩልቲው በመላ ቱርክ የሚታወቅ ትልቅ ተቋም ነው። ነገር ግን በ2018 የምህንድስናው፣ የሳይንሱና ሌሎችም ፋኩልቲዎች ከእሱ ተነጥለው ኤስኪሼሂር ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አዲስ ተቋም ሆነዋል። እኛ የተመረቅነው ከዚያ በፊት ስለነበር፣ ምህንድስና የተማሩት ጓደኞቻችን ዲፕሎማቸው ላይ የአንዱ ስም፣ በተማሩበት ግቢ በር ላይ ደግሞ የሌላው ስም ተጽፎ ያገኙታል። አቢ ይህን አስቀድመው ስለነገሩን ማናችንም በር ላይ አልደነገጥንም። ለሥራ ጉዳይ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ትፈልግ የነበረችውን ጓደኛችንንም ፋይሏ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር እንዳለ በስልክ እንድትጠይቅ ከመነሳቷ በፊት መክረዋታል፤ በ99 የሚጀምረውን የቀድሞ የውጭ አገር ዜጋ መታወቂያ ቁጥሯንም ይዛ እንድትመጣ አሳስበዋታል። ብዙዎቻችን ያን ቁጥር ከተመረቅን በኋላ ዋጋ ያጣ አድርገን ጥለነው ነበር፤ ለካ በኢ-ዴቭሌት፣ ማለትም በመንግሥቱ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት፣ የምረቃ ማስረጃን ለማውጣት አሁንም ያስፈልጋል። ወደ ቱርክ የምትመለሱ ተመራቂዎች ሁሉ የድሮ የነዋሪነት ካርዳችሁን ፈልጋችሁ እንድታገኙ አደራ እላለሁ።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። በመጨረሻዎቹ የትምህርት ዓመታት ከእኛ ጥቂቶቹ ከተማሪዎች ማደሪያ ወጥተን ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ በታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ሴት ነበሩ። ቴይዜ፣ በቱርክኛ አክስት፣ እንላቸዋለን። ቤተሰባቸው ከክራይሚያ የመጡ ታታሮች ነበሩ፤ ኤስኪሼሂር የታታር ስደተኞች ልጆች በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ሾርባ ይዘው ደረጃውን ይወጡ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ ታሞ በተኛ ጊዜ ሆስፒታል ይዘውት የሄዱት፣ ሌሊቱንም አብረውት ያደሩት እሳቸው ናቸው። ከጉዞው በፊት ሁላችንም አንድ ላይ የተስማማንበት ብቸኛ ነገር እሳቸውን ማግኘት ነበር፤ ስልካቸው ግን አይሠራም። ቤቱም ፈርሷል።

ቤቱ የፈረሰው በማንም በደል አይደለም። ቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1999 ኢዝሚት አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ በኤስኪሼሂርም ሕንፃ አፍርሶ ሰው ገድሏል። በ2012 የወጣው 6306 ቁጥር ሕግ አደገኛ መሆናቸው በምርመራ የተረጋገጡ ሕንፃዎች ፈርሰው እንደገና እንዲሠሩ ያዝዛል፤ በየካቲት 2023 በደቡብ ምሥራቁ ክፍል ከደረሰው ታላቅ ጥፋት በኋላ ደግሞ ሥራው በየከተማው ተፋጥኗል። በዚህ የተነሳ ወደ ቱርክ የሚመለስ የቀድሞ ተማሪ የኖረበትን ቤት በቦታው ላያገኘው ይችላል። ነዋሪዎቹ ለጊዜው ተከራይተው ይበተናሉ፤ አንዳንዶቹ በአዲሱ ሕንፃ ይመለሳሉ፣ ሌሎቹ በሄዱበት ይቀራሉ።

አቢ ይህን ሲሰሙ ወደ ሰፈሩ ሙህታር ሄዱ። ሙህታር በነዋሪዎች የሚመረጥ የሰፈር ኃላፊ ነው፤ በየሰፈሩ ትንሽ ቢሮ አለው፤ ማን የት እንደገባ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሙህታሩ ግን የሰውን አድራሻ ለማያውቀው ሰው መስጠት እንደማይችል ነገራቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ጎረቤት ለጎረቤት እያጠያየቀ የሰው በር ያንኳኳል። አቢ ሁለቱንም አላደረጉም። ወደ እኛ ደውለው፣ በእጃችን የተጻፈ አጭር ደብዳቤና በዚያን ዘመን ከቴይዜ ጋር የተነሳነውን ፎቶ እንድንልክላቸው ጠየቁ። ደብዳቤውን አሳትመው ለሙህታሩ ሰጡት፤ «ከፈለጉ እሳቸው ይደውሉ፤ ካልፈለጉ እኛ አንሄድም» ብለውም ነገሩን። ይህ አነጋገራቸው ስለ ሰውየው ጠባይ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ለእኛ ደስታ ሲሉ የአንዲት አረጋዊት ሴት ሰላም እንዲታወክ አልፈለጉም።

ቴይዜ ራሳቸው ደወሉ። የእያንዳንዳችንን ስም አልረሱም፤ የታመመው ልጅ ይበልጥ ከስቶ እንደሆነም ጠየቁ። ከእህታቸው ልጅ ጋር በከተማይቱ ሌላ ጫፍ ይኖራሉ። የምንጎበኛቸው ቀን ሲቆረጥ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ከመካከላችን ያለነው ኦርቶዶክሳውያን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አንቀምስም። ታታሮቹ ለእንግዳ የሚያዘጋጁት ዋናው ምግብ ደግሞ ቺቦረክ ነው፤ በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ተጨምሮ በዘይት የሚጠበስ። እኛ ይህን ለማንሳት አፍረን ዝም ብለን ነበር፤ እናት ለልጆቿ የሠራችውን አልበላም ማለት ይከብዳል። አቢ ግን በመጀመሪያው ጥያቄያቸው ላይ የነገርናቸውን አስታውሰው፣ ስለ ጾሙ ለቴይዜ በዝርዝር አስረድተው ኖሯል። በደረስን ጊዜ አንዱ ትሪ ላይ የሥጋው፣ ሌላው ትሪ ላይ ድንችና ሽንኩርት ብቻ የገባበት፣ ሊጡም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የተቦካ ቺቦረክ ተቀምጦ ጠበቀን። በዚያ ቤት ያሳለፍነውን ከሰዓት በዝርዝር መጻፍ አልችልም፤ የእኛ ስለሆነ ይቅር። አቢ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ብንለምናቸውም ሰላምታ ሰጥተው፣ ሻያቸውን ደጅ ጠጥተው፣ እስክንወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓት አላሳሰቡንም።

በምግብ ጉዳይ ያደረጉት ጥንቃቄ በዚህ አላበቃም። በየምግብ ቤቱ ቀድመው እየገቡ የምስር ሾርባው ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ እንዳለበት ወጥ ቤቱን ራሱን ይጠይቁ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አለበትና። በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቀዝ ብለው የሚቀርቡትን የወይን ቅጠል ጥቅልልና የባቄላ ምግቦች የሚያዘጋጁ ቤቶችን መረጡልን። ቺይ ኮፍቴ የሚባለውም፣ ዛሬ በየሱቁ ለሽያጭ የሚቀርበው ጥሬ ሥጋ የሌለበት፣ ከስንዴ ክክ፣ ከቲማቲም ድልህና ከበርበሬ የሚታሽ ስለሆነ፣ ልጆቻችን ከሁሉም አብልጠው ወደዱት። ሙስሊም ጓደኞቻችንን ደግሞ ዓርብ ዕለት ኦዱንፓዛሪ በሚገኘው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው ኩርሹንሉ መስጊድ ለጁምዓ ሰላት በጊዜ አደረሷቸው፤ ውዱእ የሚያደርጉበት ጊዜ እንዳያጥር ከቀጠሮው ቀደም ብለው ነው የተነሱት።

ኦዱንፓዛሪን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሰፈር በእንጨትና በጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ ላይኛው ፎቃቸው ወደ መንገዱ ወጣ ያለ የኦቶማን ዘመን ቤቶች የሚገኙበት ነው። ተማሪ ሆነን ሻይ እየጠጣን ያጠናንባቸው መንገዶች ናቸው፤ በአትሊሃን ግቢ ውስጥ ለስላሳውንና ነጩን የሉሌታሺ ድንጋይ እያረጠቡ የሚቀርጹት ባለሙያዎች አሁንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውና የጃፓኑ አርክቴክት ኬንጎ ኩማ የነደፈው፣ በተደራረቡ እንጨቶች የተሸፈነው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ግን ለእኛም አዲስ ነበር። ስለ ቦታው እንዲያስረዱልን አቢን ስንጠይቃቸው ሾፌር እንጂ አስጎብኚ አለመሆናቸውን፣ በቱርክ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ቡድን እየመራ ማስረዳት እንደማይችል ነገሩን፤ ፈቃድ ያላት አንዲት አስጎብኚ አገናኙን፤ ከእሷም ኮሚሽን አልወሰዱም። ወደ የትኛውም ሱቅ «እዚህ ግዙ» ብለው አላስገቡንም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም።

ከተማዋ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተለውጣለች። የትራም መስመሮቹ እኛ ወደማናውቃቸው ሰፈሮች ተዘርግተዋል፤ ከ1999 ጀምሮ ለሩብ ክፍለ ዘመን ከንቲባ የነበሩትና የፖርሱክን ወንዝ ዳርቻ በማደስ ስማቸው የሚነሳው ይልማዝ ቡዩክኤርሸንም በ2024 ቦታውን ለአይሼ ኡንሉጄ ለቀዋል። አዳላር የሚባለው የወንዙ ዳርቻ ግን ያው ነው፤ ተማሪው እንደ ድሮው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል። አቢ በመጨረሻው ምሽት እዚያ አውርደውን፣ ስንፈልጋቸው እንድንደውል ነግረውን፣ ልጆቹን ጀልባ ላይ አሳፍረው እኛን ለራሳችን ተዉን። ለዓመታት ተለያይቶ ለተገናኘ ጓደኛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

ልትጠቀሙባቸው ለምታስቡ፣ ማወቅ የሚገባችሁን ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። አቢ የሚናገሩት ቱርክኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመካከላችሁ ቢያንስ አንድ ሰው ቋንቋውን መናገር ይኖርበታል። መኪናቸው ንጹሕና በሚገባ የተያዘ ቢሆንም የተሽከርካሪ ወንበር ማንሻ የለውም፤ መራመድ የማይችል ሰው ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከገበያው ርካሹ አይደሉም። በሰኔና በነሐሴ መካከል የሠርግና የምረቃ ሥራ ስለሚበዛባቸው ብዙ ቀደም ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል። ከተማይቱም በበጋ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ለልጆች ሹራብ መያዝ አይከፋም። የኤስኪሼሂርስፖር ደጋፊ ስለሆኑ ደግሞ ስለ ቡድኑ ብትጠይቋቸው መንገዱ ያጥርላችኋል፤ ከታላቁ ሊግ ከወረደ ጀምሮ ያለባቸውን ሐዘን ግን ታግሣችሁ ልትሰሟቸው ይገባል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማን እንደሆናችሁና መቼ እንደምትሄዱ ከነገራችሁኝ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ደብዳቤያችንን ያደረሱልንን ሙህታርና አስጎብኛችንንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። አቢ፣ ይህን ጽሑፍ ወንድማችን ተርጉሞ እንደሚያነብልዎት ነግሮኛል፤ ክርስቲያኖቹ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሙስሊሞቹ አላህ ይስጥልን ብለናል፤ እማማም እግራቸው እንደተሻላቸው ንገሩልኝ ብለዋል።